ሳያስፈቅድ የገባ ልጅ

ጫማውን ያየው ሰዉ ሁሉ ሲንበረከክ ነው።

ቆሞ የሚሄድ ሰው ጫማው ብዙም አያሳብቅበትም፤ ሲንበረከክ ግን ሶሉ ከኋላው ላለው ወለል ብሎ ይታያል። ሩማልዶ ካናሌስ በመጨረሻው መደዳ፣ ከበሩ ጎን ተንበርክኮ ነበር። ከፊቱ ባለው ሰውዬ ሶሎች ላይ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ ተለጥፎ ዙሪያውን በወፍራም ክር ተሰፍቷል። እንዲህ የሚሰፋው አሸዋ ላይ ዱካ እንዳይተው ነው። ሩማልዶ የድንበር ጥበቃ ነውና እንዲህ ያለውን ጫማ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲያሳድድ ነው የኖረው። እዚህ፣ በአባቱ ሐዘን ቤት፣ በእናቱ ሳሎን፣ ከአክስቶቹ መሃል ተንበርክኮ ያገኘዋል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

«ቅድስት ማርያም» አለች ጸሎት መሪዋ።

«ለምኝለት» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

«ለምኝለት» አለ ባለ ምንጣፉም፤ እንዲያውም ከቤተ ዘመዱ ሁሉ የእሱ ድምፅ ጎላ ያለ ነበር።

ሩማልዶ ጉልበቱን አሳከከው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም። ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዛውራል። እናቱ ዶኛ ኤሎዲያ ዞር ብላ በዓይኗ ገሠጸችው። እንደገና ተንበረከከ። ከአባቱ ፎቶግራፍ ፊት የውሃ ብርጭቆ ተቀምጧል፤ የሟች ነፍስ ዘጠኙን የጸሎት ቀን ስትመላለስ ይጠማታል ይባላል።

ጸሎቱ እንዳለቀ እህቱ ኦራሊያ በበቆሎ ቅርፊት የተጠቀለለ ታማሌ የሞላ ትሪ ይዛ ስታልፍ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ማነው ያ?»

«የቱ?»

«ያ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰው። ሳህን በሳህን ላይ የሚደራርበው።»

«የእማማ ወገን ነው መሰለኝ፣ ከድንበሩ ወንዝ ማዶ። አክስቴ ቼላ ደግሞ የአባባ ወገን ነው ትላለች። ቆቡን ሲያወልቅ ቁርጥ አባባን ነው እያለች ስታለቅስ ነበር።»

«አባባ መቼ ወገን ነበረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሩማልዶ! ለቅሶ የመጣን ሰው መታወቂያህን አሳየኝ ይባላል እንዴ? በል ያን ሥራህን እዚያው ተውና ይህን ትሪ ያዝልኝ።»

እናም የድንበር ጥበቃው ሩማልዶ ትሪ ይዞ ዞረ። ባለ ምንጣፉ ጋ ሲደርስ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ አቀረበለት። ሰውዬው ሁለት አነሳና «እግዜር ያጽናዎት» አለው። አነጋገሩ የወንዝ ማዶ ዘመዶቻቸው አነጋገር አልነበረም። ከዚያም በጣም ርቆ ከደቡብ የመጣ ለዛ ነበረው።

«አሜን» አለ ሩማልዶ።

ማለት የነበረበትን ግን አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ዝም ያለ የድንበር ጥበቃ ሥራውም ጡረታውም እዚያው ላይ ያከትማል። አውቆ ያስጠለለ ቤትም በወንጀል ይጠየቃል፤ ባለቤቲቱ የሰባ ዓመት ሐዘንተኛ ብትሆንም። ትሪውን የሆነ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ወደ በረንዳው ወጣ።

በረንዳው ላይ ጎረቤታቸው ክሊፎርድ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። የእሱ ግጦሽና የነሱ ግጦሽ አንድ ሽቦ ይጋራሉ።

«አባትህ አስቸጋሪ ሰው ነበር» አለ ክሊፎርድ። «ሐቀኛ ግን። ነፍሱን ይማር።»

«ይማር።»

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ...»

«ካልሆነ ለምን ታነሳዋለህ?»

ክሊፎርድ አልተቀየመም። «የአጥሩን መሰላል ነው። አባትህ ኤቫሪስቶ እያለ አፌን ዘጋሁ። አሁን ርስቱን የምታስተዳድረው አንተ ነህ፤ ያንተን ሥራ ደግሞ አገር ያውቀዋል። የድንበር ጥበቃ ሰው ርስት ላይ ከወንዙ ለሚመጡት መወጣጫ ተሠርቶ ሲታይ አያምርም። በናንተ በኩል ወጥተው እኮ የሚወርዱት እኔ ግቢ ነው።»

«ከጸሎቱ ፍጻሜ በኋላ እናወራለን።»

«እኔም ያልኩት እሱኑ ነው» አለ ክሊፎርድ፤ ያላለውን።

ያንን መሰላል ሩማልዶም ከልጅነቱ ጀምሮ ያፍርበት ነበር። ዶን ኤቫሪስቶ ካናሌስ በዚያ አካባቢ በአጥር ጉዳይ እንደሱ ክፉ የለም የሚባል ሰው ነበር። በየምሰሶው ላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም «ሳያስፈቅዱ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ጽፏል። ከወንዙ የሚመጡት መንገደኞች ሽቦውን ሲቆርጡበትና ከብቱ አስፋልት ላይ ሲወጣበት፣ ያንን ሽቦ እየጠገነ የሚሳደበው ስድብ ለልጅ ጆሮ የሚሆን አልነበረም። አንድ ቀን ግን ምሰሶ ጠርቦ፣ ርብራብ መትቶ፣ በአጥሩ በዚህና በዚያ ወገን የሚቆም መሰላል ሠራ። የከብቱ ገንዳ ላይም የሰው ቧንቧ አስገባ።

«ምንድነው ይሄ አባባ?» አለው ያኔ ተማሪ የነበረው ሩማልዶ። «ለሌባ ደረጃ ትሠራለህ?»

«መምጣታቸው ካልቀረ ሽቦዬን አይቁረጡት። ለላሞቼ ብዬ ነው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ላም የለውም።»

በዋናው በር ለመጣ ግን ሌላ ሥርዓት ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ ቄሱም፣ የእንስሳት ሐኪሙም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ከመኪናው ወርዶ ቆቡን አውልቆ «ይፈቀድልኛል?» ይላል። ዶን ኤቫሪስቶ ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ «ግባ» ይለዋል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያው ነው። ሩማልዶ ርቦት ሲያለቃቅስ እንኳ ሳያስፈቅድ አልገባም። የሚገርመው ደግሞ አባትየው ራሱ ማታ ማታ ከከብቱ ሲመለስ በወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆምና ሚስቱን «ይፈቀድልኛል?» ይላት ነበር። እሷም «ግባ» ትለዋለች። ልጆቹ የባልና የሚስት ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ዱካ ማንበብንም ሩማልዶ የተማረው ከዚሁ ሰው ነው። ዶን ኤቫሪስቶ በወጣትነቱ ፈረስ ጥሎት ቀኝ እግሩን ስለሚጎትት፣ የቀኝ ቦት ጫማው ተረከዝ በውጪ በኩል ያለቀ ነበር። ሩማልዶ በልጅነቱ ያችን ያለቀች ተረከዝ አሸዋው ላይ እየተከተለ፣ ትንንሽ እግሩን በትልልቁ ዱካ ውስጥ እያስገባ፣ አባቱን ካለበት ሄዶ ያገኘው ነበር። እነዚያ ቦት ጫማዎች አሁን ወጥ ቤቱ በር ሥር ቆመዋል። ጸሎቱ እስኪያልቅ የሟች ጫማ ከቦታው አይነሳም። ሩማልዶ በዚያ በር ሲያልፍ ሁልጊዜ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያደርጋል።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬውን ከኮርቻ ማስቀመጫው ጥላ ሥር አገኘው። ጫማውን አውልቆ እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሯል። ባልዲው የዶኛ ኤሎዲያ ነበር። ሰውዬው ሊነሳ ሲል ሩማልዶ በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

«ስምህ ማነው?»

«ዊልመር።»

«ከየት?»

«ከሆንዱራስ፣ ከኦላንቾ። እዚያ ከብት ላይ ነበር የምሠራው።»

«ከአክስቶቼ ጋርስ መቼ ተዛመድክ?»

ዊልመር አንገቱን ደፋ። «እኔ ዘመድ ነኝ አላልኩም ጌታዬ። እግሬ አልራመድ ሲል አብረውኝ የነበሩት ጥለውኝ ሄዱ። በሽቦው ሥር ስንፏቀቅ በሩ ክፍት ሆኖ አየሁ። መኪና ሞልቷል፤ ጸሎት ይሰማል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ‹ይፈቀድልኛል?› አልኩ። እሜቴ ‹ግባ› አሉኝ። ገባሁ። ሰዉ ሲንበረከክ ተንበረከክሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳህን ሰጡኝ።»

ሩማልዶ ሳቁ መጣበት፤ ሳቁ መምጣቱ ደግሞ አናደደው።

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«የሟች ልጅ ነዎት።»

«ሥራዬን ማለቴ ነው።»

«አዎ። ሰው ሲተዋወቅ ፊት ለፊት ይተያያል፤ እርስዎ ግን ጫማዬን ነው ያዩት። ያኔ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አልሸሸህም?»

«በየትኛው እግሬ?» አለና ዊልመር ከባልዲው ውስጥ የተላጠ እግሩን ብቅ አደረገ። «ደግሞም የጀመሩትን ጸሎት ማቋረጥ ለሟች ጥሩ አይደለም። እናቴ ብትሰማ ትገለኝ ነበር።»

ሩማልዶ ስልኩን አወጣ። የጣቢያው ቁጥር ከላይ ነው፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው፣ እንደገና አወጣው። ዊልመርም ስልኩን ያያል፤ አይለምንም፣ አይንቀሳቀስም።

«ፈቃድ ላይ ነኝ» አለ ሩማልዶ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቀው። «እስከ ፍጻሜው ጸሎት ፈቃድ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ እዚህ ባገኝህ...» ሳይጨርሰው ሄደ። መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተር አስነሳ፣ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውምና አጠፋ።

በዋናው በር ላይ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሏል። እናቱ ለለቀስተኛ ብላ ካስከፈተችው ወዲህ በሩ አልተዘጋም፤ በአባቱ ዘመን እንዲህ ተበርግዶ ውሎ አያውቅም። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ በሽቦ የተጠገነበት ቦታ አለ። ሩማልዶ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ያንን ጥገና ማየት አልፈለገም፤ ግን አየው።

ያ የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ የሆነ ነው። የሥራ ባልደረባው ቲሄሪና መኪናውን ይነዳል፣ እነሱ ዱካ ተከትለዋል፣ ዱካው ደግሞ ወደ ዶን ኤቫሪስቶ ርስት ገብቷል። በሩ ተቆልፏል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ለድንበሩ እስከዚህ ድረስ ቅርብ የሆነ መሬት ውስጥ የድንበር ጥበቃ ለመግባት ማንንም አያስፈቅድም፤ ከመኖሪያ ቤት በቀር። ሩማልዶ ለአባቱ መደወል ይችል ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ግን ቲሄሪና እያየው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው አባቱን «ልግባ ወይ?» እያለ ሲለምን መታየት ሞት መሰለው። የብረት መቁረጫውን አነሳና ሰንሰለቱን ቆረጠው።

አባቱ ከውሃ መሳቢያው ሥር ቆሞ ያይ ኖሯል። እግሩን እየጎተተ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ አነሳ።

«አስፈቅደሃል?»

«አባባ፣ ሕጉ አያስፈልግም ይላል።»

«ሕጉን መች ጠየቅኩት? አንተን ነው የጠየቅኩት።»

«ሥራ ላይ ነኝ። በኋላ እናወራለን።»

«ሽቦዬን ስንት ሰው ቆርጦታል» አለ ዶን ኤቫሪስቶ ድምፁን ሳያነሳ። «ጠምቷቸው ነው የቆረጡት። አንተ ምን ጠማህ?»

ከዚያ በኋላ አላናገረውም። ሩማልዶ በበዓል ቀን ሲመጣ አባቱ በጓሮ በኩል ወደ ከብቱ ይሄዳል። ልጁም እልኸኛ ነው፣ በሩ ላይ ወርዶ ቆቡን አውልቆ ያቺን አንዲት ቃል ማለት ከበደው። ሁልጊዜ ለገና እላታለሁ፣ ለፋሲካ እላታለሁ ይል ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሁለት ርስት አልፎ ሰው ሲፈልግ፣ አባቱ ገንዳው አጠገብ ወድቆ መገኘቱን በመኪናው ሬዲዮ ሰማ።

የጸሎቱ ቀናት ሊያልቁ ሲሉ ዊልመር የቤቱ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። የተበጠሰ የኮርቻ ጠፍር ሰፋ። አክስት ቼላን እጇን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ እሷም ጉንጩን እየዳሰሰች «ኧረ የኤቫሪስቶን ጆሮ ነው የያዝከው» አለችው። ሩማልዶ ይህን ሁሉ እያየ ጥፍሩን ይበላል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና እናቱን ወጥ ቤት ተከተላት። እሷ ለታማሌ መጠቅለያ የሚሆነውን የበቆሎ ቅርፊት ከሙቅ ውሃ እያወጣች ትደረድር ነበር።

«እማማ፣ ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ዊልመር ነዋ።»

«ስሙን አይደለም ያልኩሽ! ወረቀት የለውም። በሕግ ያስጠይቅሻል። እኔንም።»

«አውቃለሁ። እጅህን ታጠብና ይህን አብጥርልኝ።»

«እማማ!»

«አትጩህብኝ፤ ሐዘን ቤት ነው።» ቅርፊቱን አስቀመጠችና ወንበር ሳበች። «አጎቴ የሞተ ጊዜ እኔ ለጋ ልጃገረድ ነበርኩ። ያኔም እንዲሁ ጸሎት፣ እንዲሁ ግርግር። አንድ ቀጭን ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ‹ይፈቀድልኛል?› አለ። ‹ግባ› አልኩት፤ እንደ ወጉ። ገባ፣ ተንበረከከ፣ በላ። እግዚኦ አበላሉ! አንዱ ከእናቴ ወገን ነው ይላል፣ ሌላው ከአባቴ። የፍጻሜው ቀን አባቴ ሰው በተሰበሰበበት ‹አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ?› አለው። የልጁ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል። እናቴ ከዚያ ጥግ ሆና ‹የኔ ነው› አለች። በቃ። ከብት ላይ አሠሩት። ከዚያ እኔን አገባ።»

ሩማልዶ እናቱን አያት፤ ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ቦት ጫማዎቹ አየ።

«አባባ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን?»

«ወረቀት አልነበረውም?»

«መንግሥት ለስደተኛ ምሕረት ሲያውጅ አወጣ። አንተ ያኔ ዳዴ ትል ነበር።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ባጁን ያደረግክ ጊዜ ሊነግርህ ነበር። ‹ልጁ በእኔ እንዳያፍር፣ ቀስ ብዬ› አለ። ፈራ፤ አባትህ በዚህ ዓለም የፈራው አንተን ብቻ ነው። ሲያመነታ አንተ መጥተህ ሰንሰለቱን ቆረጥክ።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «እሱ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስፈቅድ የኖረ ሰው ነው ሩማልዶ። በገዛ ቤቱ። ርስቱ በሕግ የኔ ነው፤ እሱ ግን የሚያስፈቅደው ለዚያ አይደለም። ማንም አንድ ቀን ‹አንተ ሳታስፈቅድ የገባህ› እንዳይለው ነው።»

ሩማልዶ እጁን ታጠበና ቅርፊቱን ማበጠር ጀመረ። ግማሹን ቀዳደደው። በሆዱ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከቁጥቋጦ ሥር እያወጣ እጃቸውን ያሰራቸው ሰዎች ሁሉ የአባቱን ወጣትነት ለብሰው ፊቱ ቆሙ። በገና ቢያስፈቅድ ኖሮ፣ በፋሲካ ቢያስፈቅድ ኖሮ፣ ይህን ከአባቱ አፍ ይሰማው ነበር።

የፍጻሜው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ሞላ። ጸሎት መሪዋ መቁጠሪያዋን ሳታነሳ በፊት በተከፈተው በር የድንበር ጥበቃ መኪና ገባና ከበረንዳው ፊት ቆመ። ቲሄሪና ወረደ። ሩማልዶ በሦስት እርምጃ በረንዳው ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ» አለ ቲሄሪና። «ቀብሩ ላይ ስላልደረስኩ ይቅርታ። ግን ለለቅሶ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ሽቦው ሥር ድብዝዝ ያለ ዱካ አለ፤ በምንጣፍ ጫማ። ቆየት ያለ ነው። ወደ ቤታችሁ ይመጣል፤ የወጣ ግን አላየሁም።»

«ስትገባ አስፈቅደሃል?»

ቲሄሪና ሳቀ። «ጀመረህ ደግሞ የሽማግሌው ነገር?»

«መሬቱ ላይ አታስፈቅድም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው። ይሄ ግን ቤት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ሕግህ ያልቃል።»

ሁለቱ ተያዩ። በውስጥ ወንበር ሲሳብ፣ ሰው ሲያስል ይሰማል።

«ሩማልዶ፣ አትቀልድ። ዳኛ ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ላምጣ?»

«እንዳሻህ። ለለቅሶ ከሆነ ግን ባጅህን መኪናህ ውስጥ ተወው፣ ቆብህን አውልቅ፣ ጠይቅ።»

ቲሄሪና ባጁን ነቅሎ የመኪናው ወንበር ላይ ወረወረና ቆቡን አወለቀ። «ይሁን እሺ። ይፈቀድልኛል?»

«ግባ» አለ ሩማልዶ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ በአባቱ ድምፅ ወጣች፤ ራሱም ደነገጠ።

ቲሄሪና ገብቶ ተንበረከከ። ጸሎቱ ረዘመ። ሩማልዶ አንዲቷንም ቃል አልሰማም። ሲያልቅ ሳህን ዞረ። ቲሄሪና ሳህኑን ይዞ፣ ዓይኑን ከሰው ጫማ ወደ ሰው ጫማ እያዞረ ቆየና፣ ዊልመር ፊት ቆመ። ዊልመር እግሩን ወንበሩ ሥር ሸሸገ።

«አንተን አላውቅህም» አለው ቲሄሪና። «የማን ወገን ነህ?»

የዊልመር ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ዶኛ ኤሎዲያ ከጥጓ አፏን ልትከፍት ስትል ልጇ ቀደማት።

«የአባቴ ወገን ነው» አለ ሩማልዶ።

«ብያለሁ እኮ!» አለች አክስት ቼላ በድል አድራጊነት። «ጆሮውን እዩት!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ቲሄሪና አልሳቀም። ታማሌውን በልቶ ጨረሰ፣ የዶኛ ኤሎዲያን እጅ ጨበጠ፣ ወጣ። ሩማልዶ እስከ መኪናው ሸኘው።

«አባትህ ወገን እንዳለው አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር። ብዙ አለው።»

«ሰኞ ትመለሳለህ?»

«እንጃ።»

ቲሄሪና ባጁን መልሶ ሰካ። «እኔ ዛሬ ለቅሶ ደርሻለሁ። ነገ ጠዋት ግን ሥራ ላይ ነኝ። ከመሰላሉ ጀምሬ ዱካ አጣራለሁ። ያገኘሁትን እከተላለሁ፤ ማንም ይሁን።»

በረንዳው ላይ ክሊፎርድ ሳህን ይዞ ቆሞ ነበር። «ስለ መሰላሉስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መሰላሉ ይቆያል።»

«ምክንያቱስ?»

«ለላሞቹ ብዬ ነው» አለ ሩማልዶ።

ሲነጋ ኮርቻ ማስቀመጫው ባዶ ነበር፤ ወለሉ ተጠርጓል። ከምሰሶው ሚስማር ላይ ሁለቱ የምንጣፍ ሶሎች፣ ክራቸው ተተርትሮ፣ ተንጠልጥለዋል። ሩማልዶ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። በሩ ሥር ምንም የለም። እናቱ ከአባቱ ፎቶግራፍ ፊት የነበረውን የውሃ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ዞር አላለችም።

«ጸሎቱ አልቋል» አለች። «ጫማ ደግሞ ለሚሄድ ሰው ነው።»

ሩማልዶ ወደ ደጅ ወጣ። አሸዋው ላይ ዱካ አለ። የቀኙ ተረከዝ በውጪ በኩል ያለቀ።

ልክ እንደ ልጅነቱ፣ አባቱ አሁን ገና ወደ ከብቱ የሄደ፣ ሮጥ ቢል የሚደርስበት መሰለው። ዱካው በገንዳው አጠገብ አለፈ፣ ቧንቧው ጋ ቆም አለ፣ በቁልቋሉ መሃል ተጠማዞ መሰላሉ ሥር ደረሰ። ሩማልዶ እስከዚያ ድረስ እያለቀሰ ተከተለው። በመሰላሉ ላይ አሸዋ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ዱካው ወደ ድንጋያማው መሬት ገብቶ ይጠፋል። በዚህ ወገን ያለው ግን ዕውር እንኳ በዳበሳ የሚያነበው ነበር።

ከሩቅ፣ በአስፋልቱ በኩል፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

ሩማልዶ ቅጠላም ቅርንጫፍ ሰበረ። ወደ ደጃፉ ሮጦ ተመለሰና ከዚያ ጀምሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ጠረገ። አንዷን ጠረገ፣ ሌላዋን ጠረገ። አባቱ በዚህ ምድር ላይ ከዚህ በኋላ ዱካ አይኖረውም። መሰላሉ ሥር ሲደርስ አንዲት ብቻ ቀረች፤ የቀኙ።

የሞተሩ ድምፅ ቀረበ። ሩማልዶ ቆቡን አወለቀ።

«አባባ» አለ ዱካዋን እያየ። «ይፈቀድልኛል?»

አባቱ ሰውን ከላይ እስከ ታች ለማየት የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ ጠበቀ። ከዚያ ተንበረከከ፤ ቅርንጫፉን ትቶ በመዳፉ፣ ቀስ አድርጎ፣ አሸዋውን ደለደለ።